ሙዚቃ ዝም የሚልበት መስኮት

ለውድ ወንድሜ ለሳቬሪዮ፣

ከባሕር ወዲህ ማዶ ከምትኖር እኅትህ ከቤኒግና የተላከ ሰላምታ ከነናፍቆቱ፣ ከነኩርፊያው ይድረስህ። እንደምን ሰነበትህ? ጤናህ እንዴት ነው? በብርድ የሚነሣብህ ጉሮሮህስ ተወህ ወይስ ዛሬም እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ሲል ያድራል? ሊቪያ ደህና ናት? ፓውሎ ጥርስ አወጣ ብለህ ጽፈህልን ነበር፤ መቼም እስካሁን ሰው ሳይነክስ አልቀረም። በአባቱ ከወጣ ማለቴ ነው፤ ክንዴ ላይ የተከልክብኝ ምልክት ዛሬም አለ። ትንሿ አሱንታስ በእግሯ ሄደች? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። እማማ ከእግሯ እብጠት በቀር ደህና ናት። ኢግናሲያም አላረጀችም፤ እንደ ልማዷ ወጥ ቤት ውስጥ ከድስቱ ጋር ስትሰዳደብ ትውላለች። ስለ እኔ ኋላ እነግርሃለሁ።

ይህን የምጽፍልህ በጠራራ ፀሐይ ፋኖስ አብርቼ ነው። ለምን እንደሆነም ሳልነግርህ አልቀርም፤ ታገሠኝ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ሐሙስ የእኛ ቤት ተራ እንደ ነበረ የምትረሳው አይመስለኝም። ሰኞ እነ ዶኛ ኤንካርናሲዮን ቤት፣ ማክሰኞ የዳኛው ሚስት ዘንድ፣ ሐሙስ ደግሞ ኦርሶኒዎች ዘንድ፤ የሳን ሮኬ ትልልቅ ሰዎች ሳምንታቸውን የሚቆጥሩት በእንግዳ መቀበያ ቀን ነበር። በመንገድ በኩል ያለው ትልቁ መስኮት ወለል ብሎ ይከፈታል። የባሕሩ ነፋስ መጋረጃውን ይነፋዋል። አባባ ከመርከብ አዛዦቹ ጋር ዶሚኖ እየመቱ ስለ ካካዎ ይከራከራሉ፤ ሴቶቹ ማራገቢያቸውን ይዘው ያልመጣችውን ሴት ያማሉ። አንተ ከፒያኖው ሥር ገብተህ የእንግዶቹን የጫማ ክር እርስ በርሱ ታስር ነበር። ዳኛው ሊሰናበቱ ሲነሡ ከነሚስታቸው የወደቁ ዕለት አባባ እንዴት አድርገው እንደ ገረፉህ፣ ገርፈውህም ጓዳ ገብተው እንዴት እንደ ሳቁ ትናንት የሆነ ያህል አስታውሳለሁ።

አሁን ወንበሮቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተደርድረዋል። ፒያኖው ጥቁር ጨርቅ ለብሷል። ባሕሩ ከደጃችን የድንጋይ ውርወራ ያህል ቢሆንም ሐዘንተኛ ባሕር አይወርድምና፣ የዓይኔን ካልቆጠርን፣ ጨዋማ ውኃ ከነካኝ ስንት ዘመኑ። ኢግናሲያ ብቻ እጇ አልተወላትም፤ ዛሬም ሐሙስ ሲደርስ የኮኮናት ኬኳን ትጋግራለች። የሚበላው እንግዳ ስለሌለ እኔና እሷ እስከ እሑድ እንገፋዋለን። ወደ ቤታችን ሰው የሚገባው ሰው ሲሞትብን ብቻ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንግዳ ከመናፈቄ የተነሣ አንድ ጊዜ ሙት ተመኝቻለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። አባባ ያረፉ ጊዜ ሦስት ዓመት መስኮት ሲዘጋ ማንም አልተከራከረም፤ ደንቡ ነው፣ ለአባትም የሚገባ ነው። ያ ሊያልቅ ሲል አያታችን እናንተ ዘንድ ዐረፉና ሌላ ዓመት ተጨመረ። እሱ ሳያልቅ አጎታችን ማትዮ ተከተሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የመንደሩ ሙዚቀኞች ለበዓልም ለሠርግም በመንገዳችን ሲያልፉ ዳቦ ቤቱ ማዕዘን ላይ መሣሪያቸውን ያወርዳሉ፤ ደጃችንን በዝምታ ይሻገራሉ፤ ጫማ ሰፊው ሱቅ ሲደርሱ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ለሐዘን ቤት ክብር መሆኑ ነው። ሙዚቃ ሲመጣና ሲሄድ እንጂ ደጄ ሲደርስ እንዴት እንደሚሰማ ረስቼዋለሁ። «ኦርሶኒዎች ከቁም ዘመዳቸው የሙት ዘመዳቸው ይበዛል» እያሉ ይስቁብናል አሉ፤ ኢግናሲያ ናት ከገበያ ይዛልኝ የመጣችው። ሐሰት ነው ብዬ እንዳልቆጣ እውነት ሆነብኝ።

ፌርሚንን ታውቀዋለህ፤ ጀልባ መቅዘፍ ያስተማረህ የዶኛ ኤንካርናሲዮን ልጅ ነው። አንተ ሊቪያን በየት በኩል እንዳጨሃት አላውቅም፤ እዚያ አገር በየሜዳው ይተያያሉ ይባላል። እኔና እሱ ግን አባባ ከመሞታቸው በፊት አንድ በጋ ሙሉ በዚያ መስኮት የብረት ፍርግርግ ወዲህና ወዲያ ቆመን አወራን። እማማም ራቅ ብላ ተቀምጣ ጥልፏን እየጠለፈች ትጠብቀን ነበር። መስኮቱ ሲዘጋ ወሬያችንም አብሮ ተዘጋ። እሱ ግን አመሻሹ ላይ ከወደብ ሲመለስ በደጃችን ያልፍና በከዘራው ጫፍ ፍርግርጉን ሁለቴ ነካ ያደርጋል። ኳ፣ ኳ። ሌላ የለም። እኔም ከውስጥ መዝጊያውን የአውራ ጣት ያህል ገርበብ አድርጌ ጀርባውን አየዋለሁ። እማማ አታውቅም ብለህ ነው? ታውቃለች፤ በዚያች ሰዓት ዓይኗ ከጥልፉ ላይ አይነሣም ነበር። በዚህ ኳኳታ ስንት ዓመት ኖርኩ። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላኝ እሱን ስሰማ ነው።

ባለፈው ጥር የሁሉም ሐዘን አለቀ። ከሦስቱ ነገሥታት በዓል በኋላ ባለው ሐሙስ መስኮቱ ይከፈት ተባለ። ቤቱ ኖራ ተቀባ። የመስኮቱን መቀርቀሪያና ማጠፊያ እኔው ራሴ ዘይት ቀባሁት። ኢግናሲያ «እትዬ፣ ኧረ ይብቃዎት! መስኮቱ ተንሸራቶ ባሕር ይግባብን?» እያለች ታሾፍብኛለች። በዚያው ዕለት ዶኛ ኤንካርናሲዮን ግራጫ ሐር ለብሰው ለልጃቸው ሊጠይቁኝ እንደሚመጡ ልከውብን ነበር። ነጭ ቀሚስ ለበስኩ ሳቬሪዮ። ነጭ! መስተዋት ፊት ብቆም የማላውቃት ሴት አየችኝ፤ ደስ አለችኝ።

ያን ዕለት ጠዋት መርከቡ ያንተን ደብዳቤ ይዞ ደረሰ። ጥቁር ጠርዝ ያለው ፖስታ። ፖስተኛውን ኤውስታኪዮን ታውቀዋለህ፤ ሌላውን ደብዳቤ ኪሱ ውስጥ ይወትፈዋል፤ መርዶ ሲሆን ግን ባርኔጣውን አውልቆ፣ ፖስታውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ በመንገዱ መካከል ነው የሚሄደው። ከወደብ እስከ እኛ ቤት ያየው ሁሉ እቤቱ ገብቶ ጥቁር ለበሰ። እኛን ከመርዶው ልቅሶው ቀደመን። ኤውስታኪዮ ደጁን ሳያንኳኳ ኋላው በሰው ተሞልቷል። ማን እንደ ሞተ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን ያለቅሳል። ከሁሉ የቀደሙት ዶኛ ኤንካርናሲዮን ነበሩ፤ ግራጫውን ሐር አውልቀው ጥቁሩን ለብሰዋል። አማት ትገባለች ብዬ ስጠብቅ ልቅሶ ደራሽ ገባችብኝ።

እማማ ፖስታውን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። በዚያ በኩል የቀረን ሰው አንተ ብቻ ነህ ብለን ነበር። አድራሻው በሊቪያ እጅ የተጻፈ መሆኑ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ምነው ያን ዕለት እጅህን ምን ነካው? «ልጄ ነው!» ብላ ጮኸች። «የእኔ ሳቬሪዮ ነው፣ ወዮልኝ!» እንድከፍተው አልፈቀደችም፤ ነጥቃኝ በዚያ ባበጠ ጉልበቷ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ተደፋች። «እመቤቴ፣ አንድ ወንድ ልጄን ካልነካሽብኝ፣ ሳቬሪዮ በሕይወት ካለ፣ ይህን መስኮት እስክሞት አልከፍተውም! ሙዚቃ ደጄ አይደርስም፤ ደስታ ቤቴ አይገባም። እሱን ብቻ ተዪልኝ!» ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። በዚያች ደቂቃ ሌላ ነገር የሚያስብ ልብ ከየት ይመጣል?

ከዚያ ሰጠችኝና ከፍቼ አነበብኩት። አክስታችን ፎርቱናታ በዘጠና ዓመታቸው ሾርባቸውን ጠጥተው እንደ ተኙ አልነቁም ይላል። አክስት ፎርቱናታ! ከፎቶግራፍ በቀር አይተናቸው የማናውቅ፣ በፎቶግራፉም ላይ የተቆጡ ሴትዮ! ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። እማማ ደብዳቤውን እየሳመች ታለቅሳለች፤ እኔ እየሳቅሁ አለቅሳለሁ። አለህ! በሕይወት አለህ! እውነቴን ነው የምልህ፣ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቀና ስል ግን ዶኛ ኤንካርናሲዮን መጀመሪያ መስኮቱን፣ ቀጥሎ እኔን ሲያዩ አየኋቸው። ያን ጊዜ ገባኝ።

ምነው ነጭ ፖስታ ጠፋ እያልኩ ብዙ ቀን በልቤ ተጣልቼሃለሁ። ኋላ ሳስበው ግን አንተ ደንብ መጠበቅህ ነው፤ ደንቡን ያስተማርንህ ደግሞ እኛው ነን።

አባ ኤሚሊዮን ለምኜ አመጣኋቸው። ስለት በሌላ ስለት ይለወጣል፤ ሻማ ታብራ፣ ድሆች ታልብስ አሉ። እማማ አክብራ ትኩስ ቸኮላታቸውን አቀረበችላቸውና «አባቴ፣ እርስዎ ልጅ ወልደው ያውቃሉ?» አለቻቸው። ሳል ሳል አላቸው። «እኔ መስኮቱን ብከፍትና ልጄ ቢሞት፣ በሻማዎ ፈልገው ያመጡልኛል?» አባም ቸኮላታቸውን ጨርሰው ሄዱ። ለእኔ ደግሞ «አንቺን መች ያዝኩሽ? በሩ ያው ነው፤ እኔ የተሳልኩት መስኮቱን ነው» አለችኝ። ከሐዘን ቤት ሙሽራ እንደማይወጣ ጠፍቷት ነው? ስለቱ እሷ እስክትሞት ነው፤ እሷ ስትሞት ደግሞ የእናት ሐዘን ሦስት ዓመት ነው። መደመር ጀመርኩና ተውኩት።

ፌርሚን በኢግናሲያ በኩል ልኮብኝ ነበር፤ ካሩፓኖ ከተማ ሄደን አጎቴ ቤት እንጋባ ብሎ። ልቤ ተነሣ፤ የምሄድበትን ጫማ እንኳ መርጬ ነበር። ዶኛ ኤንካርናሲዮን ግን ሰሙ። «የእኔ ልጅ ሚስቱን በፊት በር፣ በሙዚቃ ነው የሚያወጣት፤ እንደ ዶሮ ሌባ በጓሮ አይደለም!» አሉ። እሱም ከእናቱ ቃል አልወጣም። አልፈርድበትም፤ እኔስ ከእናቴ ቃል መች ወጣሁ?

በዚህ መካከል ካርኒቫሉም ፋሲካውም አለፈ። ኢግናሲያ ወሬውን በቅርጫቷ ከአሣው ጋር ታመጣልኛለች። የዳኛው ሚስት በመንደሩ ክበብ የካርኒቫል ጭፈራ ላይ የወገባቸው ማጥበቂያ ተበጥሶ ሆዳቸውን ይዘው ወጡ አለች። ዶን ፓስኳል የሚዘፍን ሳጥን ከትሪኒዳድ አስመጡ አለች። ሐሙስም አሁን የእሳቸው ቤት ቀን ሆነ አለች። ሐሙሳችንን ወሰዱት ሳቬሪዮ። እማማ ስትሰማ «ይውሰዱት፣ እኛ ምን እናደርግበታለን» አለች፤ ምሳዋን ግን አልበላችም። በዚያ ሰሞን የከዘራው ኳኳታ አንዳንድ ቀን ይቀር ጀመር። ቀጥሎ አንዴ ብቻ ሆነ። ከዚያ ጠፋ። አንድ ቀን ኢግናሲያ ሽንኩርት እየላጠች ጠራችኝ፤ ለወጡ የሚሆን ሽንኩርት ተከትፎ ካበቃ ቆይቷል፣ እንባዋን ለመደበቅ ነው። «እትዬ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት» አለችኝ። «ሐሙስ ሐሙስ ዶን ፓስኳል ቤት ነው አሉ የሚያመሸው።»

ባለፈው ቅዳሜ የዶን ፓስኳልን ልጅ ፕሮቪደንሲያን አገባ። አንተ ስትሄድ አፍንጫዋን የምንጠርግላት ልጅ ነበረች። ደግ ልጅ ናት፤ ክፉ ብትሆን እንዴት በተሻለኝ! ከቤተ ክርስቲያን ወደ አባቷ ቤት የሚያስኬደው መንገድ የእኛ ደጅ ነው፤ የኋላው ጭቃ ነው፣ ሙሽራ አያልፍበትም። ሙዚቃው ከሩቅ ሲመጣ ሰማሁት። እማማ ከወንበሯ ሆና ትጠልፋለች። እኔ መዝጊያው አጠገብ ቆሜያለሁ፤ በስንጥቁ ግን አላየሁም። ዳቦ ቤቱ ማዕዘን ሲደርስ የሚጫወቱት የቫልስ ጭፈራ ዜማ መሀል ላይ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ጫማ ብቻ ሆነ። የቀሚስ ጫፍ ድንጋይ ላይ ይጎተታል። ሕፃን ያስላል። አንዲት ሴት «ዝም በሉ፣ እዚህ ናት» ስትል ሰማሁ። የፌርሚንን እርምጃ ከሁሉም መካከል ለየሁት። አፍሬ የምነግርህ ነገር አለ፤ ከዘራውን ጠበቅሁ። በሠርጉ ቀን፣ ሙሽሪትን ክንዱ ላይ ይዞ፣ ፍርግርጉን እንዲነካልኝ! አልነካም፤ ደግ አደረገ። እማማ ቀና ሳትል «አየሽ፣ ዛሬም ያከብሩናል» አለችኝ። ጫማ ሰፊው ሱቅ ሲደርሱ ቫልሱ ካቆመበት ቀጠለ።

እስከዚያ ቀን ድረስ አንዲት ተስፋ ነበረችኝ። አንተ ራስህ መጥተህ ፊቷ ብትቆም፣ ፊትህን በእጇ ብትዳስሰው፣ ትከፍተው ይሆናል እል ነበር። ና ብዬ ልጽፍልህ ደጋግሜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ሚስትና ሕፃናት ያሉትን ሰው ለአንድ መስኮት ብለህ ባሕር ተሻገር ማለት አሳፈረኝ። አሁንማ ብትመጣስ ለማን?

ማክሰኞ ደግሞ ከካሩፓኖ በቴሌግራፍ ወሬ መጣ። ፈረንሳይና ጀርመን ጦርነት ገጠሙ አሉ። ክበቡ ውስጥ ሰው ሁሉ ይስቃል አለች ኢግናሲያ፤ ካካዎው ደርቆ ጆንያ ሳይገባ ጦርነቱ ያልቃል ይላሉ። ነገር ግን ዕድሜያቸውን አብረው ዶሚኖ ሲመቱ የኖሩት ጀርመናዊው ነጋዴና ፈረንሳዊው ቆንስል ያን ቀን በየጥጋቸው ተቀመጡ ትላለች። ደሴታችሁ የፈረንሳይ ግዛት ናትና እዚያ ያሉትን ጎልማሶች ሁሉ ለጦር ይጠራሉም ይባላል። አንተ ከእኔ በአንድ ዓመት ብቻ ነው የምታንሰው። ይጠሩሃል? ወይስ ይህ ደብዳቤ ሲደርስ ተጠርተህ ሄደህ ሊቪያ ናት የምታነበው?

እማማም ወሬውን ሰማች። ያ በሥዕሉ ፊት የነበረው ልቅሶ ይመጣል ብዬ ተሰናዳሁ። እሷ ግን መርፌዋን አነሣችና «አይነካውም» አለች። «መስኮቱ ዝግ ነው።»

እኔ ያደረግሁትን ልንገርህ። የአውራ ጣት ያህል ገርበብ የማደርጋት ስንጥቅ ነበረች አላልኩህም? ፌርሚን ከቀረም በኋላ አልዘጋኋትም፤ ባሕሩን አይባት ነበር፤ በቀን የማነብበትና የምሰፋበትም ብርሃን የሚገባው በእሷ ነበር። ከዚህ ቤት የእኔ የምለው የቀረኝ እሷ ብቻ ነበረች። ተነሥቼ ሄድኩና መዝጊያውን ገጠምኩት። መቀርቀሪያውን እስከ መጨረሻው ገፋሁት። በጥር እኔው ራሴ ዘይት ያጠጣሁት ነውና ድምፅ እንኳ አላሰማም። እማማ አላዘዘችኝም፤ ማንም አላዘዘኝም። በቀን ፋኖስ የማበራው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ኑርልኝ ሳቬሪዮ። በውድ የተገዛ ዕድሜ ነውና አታባክነው። ብርድ ላይ አትቁም። ከሊቪያ ጋር በረባ ባልረባው አትጣላ። ሐሙስ ሲሆን ሰው ጥራና መስኮትህን በእኔ ስም ክፈተው።

ለሊቪያ እኅታዊ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ ያን አድራሻ በመጻፏ አልተቀየምኳትም በላት። ፓውሎን ሁለቱን ጉንጩን ሳምልኝ፤ እንዳይነክስህ ተጠንቀቅ። ትንሿን አሱንታን አያትሽ የጠለፈችልሽ ቀሚስ በሚቀጥለው መርከብ ይመጣል በላት፤ ነጭ ነው። እማማ ዓይንህን ስማሃለች። ኢግናሲያም «ጋሼ ሳቬሪዮ የጫማ ክር ማሰር ተዉ ወይ?» ብለው ይጠይቁልኝ ብላኛለች።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ምንም ቢሆን፣ ማንም ቢሞት፣ አድራሻውን በራስህ እጅ ጻፈው። ፖስታውም ነጭ ይሁን።

የማትረሳህ እኅትህ
ቤኒግና ኦርሶኒ

ሳን ሮኬ፣ የፓሪያ ባሕር ዳርቻ፣ ቬኔዝዌላ
ሐሙስ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1914 እ.ኤ.አ.